ስክሪን ፕሪንት ሁለት ጊዜ ነው ሥነ-ጥበብ የሆነው

(ለሥዕልና ለግራፊክስ ተማሪዎች፣ ከህትመት ማሳያ በፊት የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አሜሪካዊው ሠዓሊ ስለ አንዲ ዋርሆል ልሰማ ነው ብሎ የመጣ ሰው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ዋርሆል ይመጣል። እሱን ዘሎ ይህን ታሪክ ማውራት አይቻልም። ግን ታሪኩ ሁልጊዜ ከእሱ ይጀመራል፣ ስለዚህ ከፊት ያለው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ተቆርጦ ይቀራል። እኔ ደግሞ የተቆረጠውን ክፍል እወደዋለሁ።

ማለት የምፈልገው ይህን ነው። ስክሪን ፕሪንት ወደ ሥነ-ጥበብ ቤት የገባው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ፣ የሱቅ ልጅነቱን፣ ማለትም ከንግድ ማስታወቂያ መምጣቱን፣ ደብቆ ገባ። ሁለተኛው በ1960ዎቹ ነው። ያኔ ደረቱን ነፍቶ "አዎ፣ የሱቅ ልጅ ነኝ" እያለ ገባ። የቆየው በሁለተኛው በር የገባው ነው። የመጀመሪያዎቹ ባይኖሩ ግን በሩ የት እንዳለ ማን ያውቅ ነበር?

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ቶሎ ልናገር። ፍሬም ላይ ተወጥሮ የታሰረ ስስ ጨርቅ አለ። ድሮ ሐር ነበር፣ አሁን ፖሊስተር ነው። ጨርቁን እንደ ወንፊት አስቡት። ቀለም እንዳያልፍ የምትፈልጉበትን ቦታ ትደፍናላችሁ፣ ሌላውን ክፍት ትተዋላችሁ። ወረቀቱ ከሥር ይሆናል። ቀለሙን ፍሬሙ ውስጥ ታፈሱና የጎማ ጠርዝ ባለው ስኩዊጂ ተጭናችሁ ትስባላችሁ። ክፍት በሆነው በኩል ቀለሙ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስክሪን ያስፈልጋል። አምስት ቀለም ካለ አምስት ስክሪን፣ አምስት ዙር፣ በየመሃሉ ማድረቅ። ሁለተኛው ቀለም በመጀመሪያው ላይ በልኩ ካላረፈ ወረቀቱ ተበላሸ ይባላል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

መድፈኛው ብዙ ዓይነት ነው። የተቆረጠ ወረቀት ይሆናል፣ ሙጫ ይሆናል፣ ዛሬ በየቲሸርት ቤቱ እንደምታዩት ኢሙልሽን ይሆናል። ኢሙልሽን ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል። ምስሉ በጥቁር ያለበትን ፊልም ከፊቱ ካደረጋችሁ፣ ጥቁሩ የከለለው ቦታ ብርሃን ስላላገኘ በውሃ ታጥቦ ይወጣል። ፎቶግራፍ ስክሪን ላይ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

ከሌሎቹ የህትመት ዓይነቶች የሚለይባቸው ነገሮችም አሉ። ኢቺንግ (በአሲድ ከተበላ የብረት ሰሌዳ የሚታተም) ወይም የእንጨት ህትመት ስትሠሩ ምስሉ ተገልብጦ ይወጣል። እዚህ አይገለበጥም። ከባድ ማተሚያ ማሽን አያስፈልግም፣ ጠረጴዛና ጉልበት ይበቃል። ቀለሙም ወፍራም፣ ወጥና ደማቅ ሆኖ ይቀመጣል። ርካሽነቱም ውበቱም ከዚሁ ነው የመጣው።

የጥንቱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጃፓኖች ጨርቅ ለማቅለም በጣም ረቂቅ የወረቀት ስቴንሲል፣ ማለትም ቀለም የሚያልፍበት ቅርጽ የተቆረጠበት ወረቀት፣ ይቆርጡ ነበር። በ1907 ሳሙኤል ሳይመን የሚባል የማንቸስተር ሰው እንግሊዝ አገር የስክሪኑን ዘዴ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ከዚያ ነገሩ አሜሪካ ሄደና የሱቅ ምልክት፣ ባንዲራና የዋጋ ማስታወቂያ ማተሚያ ሆነ። በ1930 አካባቢ ስለ ስክሪን ብትጠይቁ የሚነግራችሁ ነጋዴ እንጂ ሠዓሊ አልነበረም።

አሁን ኒውዮርክ እንግባ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ሥራ የለም። ሥዕል የሚገዛማ ጭራሽ የለም። የሩዝቬልት መንግሥት በ1935 ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ደመወዝ እየከፈለ የሚያሠራ ፕሮግራም ጀመረ፣ እስከ 1943 ቆየ። ኒውዮርክ ላይ ክፍያው በሳምንት 24 ዶላር ገደማ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ የሕዝብ ፖስተር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጉ፣ ቲያትር እዩ፣ መካነ አራዊት ጎብኙ የሚሉ ፖስተሮች። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ፖስተሮች አንድ በአንድ በእጅ ይሳሉ ነበር። ሃምሳ ፖስተር ከተፈለገ ሃምሳ ጊዜ መሳል ነው።

አንቶኒ ቬሎኒስ የሚባል ወጣት እዚያ ይሠራ ነበር። የግሪክ ስደተኞች ልጅ ነው። ስክሪን ፕሪንትን የለመደው በንግድ ሥራ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለምን በስክሪን አናትመውም አለ፣ ሰሙት። ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ በመላ አገሪቱ ወደ 2 ሚሊዮን ፖስተር እንደታተመ ይገመታል፣ አብዛኛው በስክሪን።

ቬሎኒስ ግን ፖስተር ላይ አላቆመም። ይህ መሣሪያ ለማስታወቂያ ይህን ያህል ከሠራ ለሥዕልስ? በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ ስክሪንን ለሥዕል ብቻ የሚሞክር ክፍል ተቋቋመ። እነ ኤልዛቤት ኦልድስና ሃሪ ጎትሊብ ገቡበት። ቬሎኒስ አሠራሩን በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ መመሪያ ጻፈ፣ መመሪያውም በየክፍለ ሀገሩ ተሠራጨ። የሙያውን ምሥጢር ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። አላደረገውም። በዚያው ዓመት ጋይ ማኮይ የሚባል ሠዓሊ የስክሪን ህትመቶቹን ብቻ ይዞ ኒውዮርክ ላይ ኤግዚቢሽን ከፈተ።

የሚያትሙት ምን ነበር? ሠራተኛ፣ ማዕድን ቆፋሪ፣ ባቡር፣ የሠፈር ኑሮ። ዋጋውም ጥቂት ዶላር። ሐሳቡ መምህርም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ እውነተኛ ሥዕል ይስቀል የሚል ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ጋለሪዎች ግን "ይሄማ የሱቅ ማስታወቂያ ነው" እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። እዚህ ላይ ካርል ዚግሮሰር የሚባል ሰው ይመጣል። ኒውዮርክ የሚገኘውን የዋይሂ ጋለሪ ያስተዳድር ነበር፣ በኋላ የፊላደልፊያ ሙዚየም የህትመት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ገበያውን ያውቀዋል። ለዚህ ህትመት "ሴሪግራፍ" የሚለውን ስም ያስለመደው እሱ ነው። ሠዓሊው ራሱ በእጁ ከሠራው ሴሪግራፍ፣ ካልሆነ ተራ ስክሪን። በ1940 የተሰባሰቡት ሠዓሊዎችም ማኅበራቸውን በዚሁ ስም ጠሩት።

ስልቱ ሠራ። ሙዚየሞች መግዛት ጀመሩ፣ ኤግዚቢሽኑ ከከተማ ከተማ ዞረ። ግን ዋጋ አስከፈለ። ህትመቱ የእጅ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ሲባል ስክሪኑ ሌላ ነገር እንዲመስል ተገደደ። አንዱ ውሃ ቀለም ያስመስለዋል፣ ሌላው ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ የሚታተም)፣ ሌላው የዘይት ቀለም። ችሎታው የሚያስደንቅ ነው፣ ብዙዎቹን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ስክሪኑ ራሱ የሚያውቀውን፣ ያንን ወጥና ደፋር ቀለም፣ እንደ ነውር ይደብቁት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኒውዮርክን የያዘው የብሩሹ ምት፣ የተረጨው ቀለም፣ የአንድ ሰው የእጅ አሻራ ሆነ። ጃክሰን ፖሎክ እንኳ በ1951 ጥቂት ሥዕሎቹን በስክሪን አባዝቷል፣ ግን ብዙም አልገፋበትም። ሴሪግራፍ ደኅና ልጅ ሆኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጨዋ ነው፣ ግን ማንም አያወራለትም።

እሺ፣ ዋርሆል መጣ።

በ1962 ሎስ አንጀለስ ላይ ያሳያቸው 32 የሾርባ ቆርቆሮዎች በእጅ የተሳሉ ናቸው። ብዙ ሰው ስክሪን ይመስሉታል። ወደ ፎቶ ስክሪን የገባው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። በዚያው ወር ማሪሊን ሞንሮ ሞተች። ዋርሆል በ1953 ለወጣ ፊልሟ ማስታወቂያ የተነሣችውን ፎቶ አገኘ፣ ለስክሪን ሠሪ ላከው፣ ተሠርቶ መጣለት። ሸራው ላይ መጀመሪያ ቀለም ይቀባል፦ ለፊቷ ሮዝ፣ ለፀጉሯ ቢጫ፣ ለዐይኗ ጥላ ሰማያዊ። ከዚያ ጥቁሩን ፎቶ በስክሪን ከላይ ያሳልፋል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን አውጡት። ጥቁሩ በቀለሙ ላይ በልኩ አያርፍም። የከንፈሩ ቀይ ከከንፈሩ ወጥቶ ይታያል። አንዱ ጋ ቀለሙ በዝቶ ፊቷ ይጠቁራል፣ ሌላው ጋ ቀለሙ አልቆ ፊቷ ይጠፋል። አንድ የቲሸርት ቤት ጌታ ይህን ቢያይ ሠራተኛውን ያባርር ነበር። ለንደን ቴት ሙዚየም ያለውን የማሪሊን ዲፕቲክ (ሁለት ክፍል ያለው ሥዕል ነው) ካያችሁ ግን ሥዕሉ የሚናገረው በዚያው ስህተት ነው። በግራ ሃያ አምስት ደማቅ ፊት፣ በቀኝ ሃያ አምስት ጥቁርና ነጭ ፊት እየደበዘዘ የሚሄድ። ያንን በብሩሽ ሣሉት ብትሏቸው የቬሎኒስ ሰዎች ይስሉታል። ግን የተሣለ መደብዘዝ ይሆናል። ይሄኛው ስክሪኑ ቀለም ስላለቀበት ብቻ የደበዘዘ ነው።

ዋርሆል በ1963 ማሽን መሆን እፈልጋለሁ ብሎ ነበር። እኔ ብዙም አላምነውም። ማሽንማ ሁሉንም እኩል ያትማል። የእሱ ህትመቶች አንዱም ከአንዱ እኩል አይደለም።

ሮበርት ራውሸንበርግም በዚያው 1962 ጀመረ። እሱ የጋዜጣ ፎቶ፣ ኬኔዲ፣ ጠፈርተኛ፣ የመንገድ ምልክት ሁሉ አንድ ሸራ ላይ ያገናኝ ነበር። በ1964 የቬኒስ ቢያናሌን፣ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን ትልቅ የሥነ-ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኒውዮርክ ደውሎ ስክሪኖቹ በሙሉ እንዲወድሙ አደረገ። ራሱን መድገም ፈራ። ያንን ያህል ስክሪን! እዚህ ከተማ አንድ ፍሬም ስንቴ ታጥቦ ስንቴ እንደሚሠራበት ለምታውቁ ሰዎች ይህን መንገር ራሱ ያሳዝናል።

በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ሌላ ክርክር ነበር። የፈረንሳይ የህትመት ጥበብ ኮሚቴ ኦሪጅናል ህትመት ምን እንደሆነ ደነገገ። ሠዓሊው ራሱ አስቦ ሙሉ በሙሉ በእጁ የሠራው መሆን አለበት፣ የፎቶና የማሽን ዘዴ ፈጽሞ አይገባበትም አለ። ድንጋጌውን እንዳለ ብንወስደው ከ1960ዎቹ ምርጥ ህትመቶች ስንቱ ይወድቃል!

ለንደን ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው እየሄደ ነበር። ክሪስ ፕሬተር የሚባል ባለሙያ ከባለቤቱ ከሮዝ ኬሊ ጋር ኬልፕራ ስቱዲዮን ከፈቱ። ስሙ የሁለቱ ስም ተገጣጥሞ ነው። ሲጀምሩ የሚያትሙት ፖስተርና የንግድ ሥራ ነበር። ከዚያ ሠዓሊዎች መምጣት ጀመሩ፦ ሪቻርድ ሃሚልተን፣ ኤድዋርዶ ፓኦሎዚ፣ ኪታይ፣ ብሪጅት ራይሊ። በ1964 የዘመናዊ ጥበባት ተቋሙ አይሲኤ የ24 ሠዓሊዎችን ህትመት በአንድ ስብስብ አወጣ፣ ሁሉም በኬልፕራ የታተመ። ፕሬተር ስቴንሲል በእጁ ሲቆርጥ ቢላው አይስትም ይባል ነበር። ሠዓሊው ኮላጅ (ከቁርጥራጭ ምስሎች የተለጠፈ ሥዕል) ይዞ ይመጣል፣ ፕሬተር የቱ በፎቶ የቱ በቢላ እንደሚሠራ ያስባል፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። ታዲያ የሥዕሉ "እጅ" የማን ነው? ፓትሪክ ኮልፊልድ በዚህ መንገድ ያሳተማቸውን ህትመቶች ይዞ በ1965 ፓሪስ ሄደና በወጣት ሠዓሊዎች ቢያናሌ ተሸለመ። እዚያው ፓሪስ!

ቴት ከስቱዲዮው ያገኘውን ትልቅ ስብስብ ይዞ በ1980 ስለ ኬልፕራ ብቻ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። አታሚ በስሙ ኤግዚቢሽን ሲደረግለት ብዙ አይታይም። መታየት ነበረበት ባይ ነኝ።

ኦሪጅናል የሚለው ነገር እስከምን ድረስ እንደሚሄድ አንድ ቀልድ መሰል እውነት ልንገራችሁ። ዋርሆል በ1967 የማሪሊንን አሥር ህትመቶች በስብስብ አወጣ፣ እያንዳንዱ 250 ቅጂ። በ1970 አካባቢ ደግሞ ሰንዴይ ቢ ሞርኒንግ በሚል ስም ተመሳሳይ ህትመቶች ከአውሮፓ መውጣት ጀመሩ። ከጀርባቸው "የራስህን ፊርማ ሙላበት" የሚል ማኅተም አለባቸው። ዋርሆል መጀመሪያ በነገሩ ነበረበት፣ በኋላ ተቀየማቸው። ሰው ይዞለት ሲመጣ "ይህ የእኔ አይደለም" ብሎ ጽፎ "አንዲ ዋርሆል" ብሎ ይፈርምበት ነበር። አሁን ያ ወረቀት የማን ነው? በ2022 አንዲት የ1964 ማሪሊን ክሪስቲስ ጨረታ ላይ በ195 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ ይህችን ታሪክ አስታወስኩ።

ከገንዘቡ እንራቅ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮሪታ ኬንት የምትባል መነኩሲት ነበረች። በኢማኪዩሌት ሃርት ኮሌጅ ሥዕል ታስተምራለች። የዋርሆልን ሾርባ ከተማዋ ውስጥ ካዩት አንዷ ናት። እሷም የሱፐርማርኬት ጽሑፍ፣ የዳቦ ማሸጊያ፣ የመንገድ ምልክት እያነሳች ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከግጥም ጋር ማተም ጀመረች። የዳቦው ማሸጊያ ላይ ያሉት ክብ ነጠብጣቦች ኅብስተ ቁርባን ሆኑ። ዋርሆል ዕቃውን ዕቃ አድርጎ ሲተወው እሷ ጸሎት አደረገችው። ትምህርት ሲዘጋ ከተማሪዎቿ ጋር እየተረባረበች ታትማለች፣ በርካሽ ትሸጣለች። የኒውዮርኮቹን የ1938 ሕልም በተግባር ያዋለችው እሷ ናት እላለሁ። በ1968 ከገዳሙ ወጣች። በ1985 የሠራችው የፖስታ ቴምብር ከ700 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። እሱ እንኳ ስክሪን አይደለም፣ ግን የእሷ ዓላማ ማንም ጋ መድረስ ነበር፣ ደረሰ።

በ1968 ግንቦት ደግሞ የፓሪስ ተማሪዎች የሥነ-ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያዙት። የመጀመሪያውን ፖስተር በሊቶግራፍ ሞከሩ፣ ሠላሳ ቅጂ ገደማ ወጣ። ሠላሳ ቅጂ ለአብዮት ምን ይሆናል? ሠዓሊው ጊ ደ ሩዥሞን ስክሪን ያውቅ ነበርና አሳያቸው። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ያትማሉ፣ ጠዋት ግድግዳ ላይ ነው። የትኛው ፖስተር እንደሚታተም በስብሰባ ይወሰናል፣ ማንም አይፈርምም። ለጌጥ እንዳትሰቅሏቸው ብለውም አስጠንቅቀው ነበር። ዛሬ በፍሬም ሆነው ሙዚየም ተሰቅለዋል፣ ምን ይደረግ።

ወደ እኛ ሰዎች ሠፈር ትንሽ ልጠጋ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሉ ስቶቫል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊና አታሚ ነበር፣ በ2023 ነው ያረፈው። የተማረው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በኋላ ለብዙ ዓመታት ባስተማረበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1968 የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ፤ ለሠፈር ስብሰባና ለኮንሰርት ፖስተር ያትማል፣ ለትልልቅ ሠዓሊዎችም ያትማል። ጄኮብ ሎውረንስ በወጣትነቱ፣ በ1930ዎቹ፣ ስለ ሄይቲው ነጻ አውጪ ስለ ቱሴን ሉቨርቲዩር 41 ሥዕሎች ሠርቶ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ከ1986 እስከ 1997፣ ከስቶቫል ጋር ሆኖ አሥራ አምስቱን በስክሪን እንደገና ሠራቸው። የሎውረንስ ቀለም ወጥ ነው፣ ጠርዙ ስል ነው። ስክሪን ለእሱ የተፈጠረ ይመስላል። እዚህ ጋ ማንም ማንንም ማስመሰል አያስፈልገውም።

አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ መህረቱስ? በ2004 ሚኒያፖሊስ ከሚገኘው የሃይፖይንት ህትመት ማዕከል ጋር "ኢንትሮፒያ" በሚል ርዕስ የሠራችው ህትመት ሊቶግራፍና ስክሪን የተደባለቀበት ነው፣ 32 ቀለም አለው። ለአምስት ቀለም ምን ያህል መገጣጠም እንደሚያስፈልግ ነግሬያችኋለሁ። ለሠላሳ ሁለት አስቡት። የእሷ ሥዕል ካርታ በካርታ ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ ስለሆነ ንብርብሩ ከስክሪን ጠባይ ጋር ይሄዳል። ያንን ህትመት ቀረብ ብላችሁ ስታዩ የቱ መስመር ከታች የቱ ከላይ እንደሆነ መከተል ትችላላችሁ። ተማሪዎች አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለው ቢያዩት ከእኔ ንግግር የበለጠ ይማሩበታል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፣ ሳትጠይቁኝ ልመልስ። "ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ በፕሪንተር ካወጣሁት ምን ለየው?" ይባላል። ዋጋ የለውም አልልም። ግን የፕሪንተር ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ የስክሪን ቀለም ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ካያችሁት ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይታያል። ደግሞ የምትገዙት ህትመት ከሆነ ታች በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 12/50 ማለት ከሃምሳው አሥራ ሁለተኛው ነው። ጥግ ላይ ቀለም የሌለው ጎድጓዳ ማኅተም ካለ በጣታችሁ ዳስሱት። እሱ የአታሚው ነው፣ የእነ ፕሬተርና የእነ ስቶቫል ዓይነት ሰዎች ቦታ።

በሉ፣ ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ስክሪኖቹ ዛሬ ጠዋት ተዘጋጅተዋል። የምናትመው ሁለት ቀለም ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ቢጫው፣ ሲደርቅ ጥቁሩ። መጀመሪያ የምታወጡት ወረቀት አይገጣጠምም፣ አትጣሉት፣ ለየት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ነጭ የለበሳችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ቁሙ፣ ይሄ ቀለም አይለቅም።